ጌታዋን ያመነች በግ

«ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው በኃያል ሰው ጥላ ሥር ተጠልሎ ስለሚኩራራ ሰው ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የበጓ ነገር ነው። ጌታዋ አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳይነሣ ቢቀርስ? ከዚያ ወዲያ ላቷን የምታሳድረው በማን ተማምና ነው? ሌላም ተረት አለን፤ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚል። የራሳችንን ነገር በአህያ አፍ መናገራችን ይገርመኛል። ከእርሱ በኋላ ለሚበቅለው ሰርዶ፣ ሰርዶውንም ለሚግጠው እንስሳ ሳያስብ የሚሄደውስ ሰው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ባለቤቱ ሲሞት እንስሳው ለማን ይቀራል? አባቶቻችንስ ለዚህ ነገር ምን ሥርዓት ነበራቸው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በቡሬም ይሁን በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማም ይሁን በደምበጫ፣ ሰው ሕመሙ የጠናበት እንደሆነ የንስሐ አባቱ ይጠራሉ፤ ሽማግሌዎችም በዙሪያው ይቀመጣሉ። «ኑዛዜ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነው፤ ኃጢአትን መናገርና ንብረትን ማደላደል። ታማሚው መሬቱን ለልጆቹ ይከፍላል፤ ያበደረውንና የተበደረውን ያስታውቃል፤ ጠመንጃው ለማን እንደሚሆን፣ የትኛው በሬ ለወራሽ፣ የትኛው ለተዝካር እንደሚውል ይናገራል። ዋጋ ያለው እንስሳ እንግዲህ ያለ ስም አይቀርም ነበር።

ፈረስማ ከዚህም በላይ ክብር ነበረው። አርበኛው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ባለ ፈረሱ ሲሞትም ፈረሱ በኮርቻውና በጌጡ ተሸልሞ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ፣ በለቅሶው መካከል ይታይ ነበር። ከቡሬ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በጦር ሜዳ የወደቁትን ፈረሶች ውለታ የሚያስብ ነው። ፈረሱን የሚያስታውስ ማኅበር ማቋቋም ትንሽ ነገር አይደለም።

ውሻና ድመት ግን በኑዛዜ ውስጥ ሲጠሩ አይሰማም። ይህ ከጭካኔ የመጣ አይመስለኝም። ቤቱ ስለማይፈርስ ነው። አባት ቢሞት ከልጆቹ አንዱ በዚያው ጓሮ፣ በዚያው ምድጃ ይቀራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የሚበላበት ደጅም እስካለ ድረስ «ለማን ትሁን» ብሎ መናዘዝ አያስፈልግም ነበር። ማንም የማይጽፈው ሥርዓት ቤቱ ራሱ ነበር።

የሆነ ሆኖ ዋጋ ለሌለው እንስሳም የተናዘዘ ሰው አልጠፋም። በማንኩሳ አካባቢ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሲናዘዙ ከተቀመጡ ሰዎች በልጅነቴ የሰማሁትን ላውጋችሁ። ሽማግሌው መሬታቸውን ደለደሉ፤ የነበረባቸውን የጤፍ ብድር ተናገሩ፤ ተዝካራቸውንም አሰቡ። የንስሐ አባታቸው ሊነሡ ሲሉ ግን፣ «ቆዩኝ አባ፣ ዳማዪቱ ቀርታለች» አሉ። ዳማዪቱ በቅሎ ናት። አርጅታለች፤ ጥርሷ አልቋል፤ ጭነትም ከተወች ቆይታለች። እንዲህ ያለች ከብት ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ትለቀቅና ጅብ ይገላግላታል። ተቀማጮቹ ፈገግ አሉ። ቄሱ ግን ፈገግ ሳይሉ፣ «ለማን ትሁን?» ብለው ጠየቁ። «ለአማቼ ትሁን። እንዳትሸጥ፣ እንዳትባረር። ሌሊት ከቤት ትግባ። ጥርስ የላትምና ጭዱን በውሃ ያርሱላት። ለመኖዋም የጓሮውን ሣር ትቼላታለሁ።» ቄሱ ቃሉን ደገሙት፤ አማቹንም በሰው ፊት «እሺ» አሰኙት። በቅሎዪቱ ከሽማግሌው በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች ይባላል።

ከዚህ ወግ ሦስት ነገር አገኛለሁ። ሽማግሌው ሰው ሰየሙ፤ ስንቅ ተዉ፤ ምስክር አቆሙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዳማዪቱ የጅብ ራት በሆነች ነበር። ታሪካችንን ስመለከትም እንስሳት የተጎዱት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ነው።

ሰው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ይኸው የጎጃም ምድር አይቶታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው ከሱዳን በመጡ ግመሎች ነበር። ቁጥራቸው ወደ 15,000 ይደርስ ነበር። ግመል የቆላ ፍጥረት ነው፤ ለጎጃም ዳገትና ለደጋው ብርድ አልተፈጠረም። ከዚያም በላይ እነዚያ ግመሎች የጦሩ ንብረት እንጂ የማንም ግመሎች አልነበሩም፤ ጠባያቸውን የሚያውቅ፣ ሲታመሙ የሚያስቆም ባለቤት አልነበራቸውም። ጦሩ በየካቲት ወር ቡሬን አስለቅቆ፣ ያኔ ወጀት ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ ሲገፋ መንገዱ በግመል ሬሳ ተሞልቶ ነበር። አዲስ አበባ የደረሱት ከሃምሳ እምብዛም አይበልጡም። ድሉ የከበረ ድል ነው፤ ስለ ግመሎቹ ግን የሚጠየቅ ስም የለም።

ስንቅ ሲጎድል የሆነውን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አንበሶች ያሳዩናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች የሚኖሩበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወርም ዐረፉ። አንበሶቹ ግን አልሞቱም፤ ወለዱ፣ ተዋለዱም። መንግሥት ሲለዋወጥ ጠባቂ አላጡም። ያጡት ከባለቤታቸው በኋላ ለእነርሱ ብቻ ተብሎ የተለየ መተዳደሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ወር ገደማ የግቢው ኃላፊዎች በገንዘብና በቦታ ጥበት ምክንያት የአንበሳ ግልገሎችን በመርዝ እየገደሉ ሬሳቸውን ለቆዳ ሞይዎች እንደሚሸጡ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የውጭ አገር ተመራማሪዎች የ15ቱን አንበሶች ዘር መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ሆኖ እንዳገኙት አሳተሙ። በመርዝ ይገደል የነበረው እንግዲህ በቀላሉ የማይተካ ዘር ነበር። የንጉሥ እንስሳ እንዲህ ከሆነ የድሀዋ ድመት ምን ልትሆን ነው?

ሦስተኛው የምስክር ነገር ነው፤ ይህም ወደ ሕጉ ይወስደናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንስሳን የሚያየው እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ይለዋል። ውሻ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ባለቤቱ ቢሞት ውሻው ምን ይብላ የሚል አንቀጽ ግን አላገኘሁበትም። ንብረት ስለሆነም ሊወረስ እንጂ ሊወርስ አይችልም። በአሜሪካ ሊዮና ሄልምስሊ የተባሉ የሆቴል ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሞቱ ለውሻቸው 12 ሚሊዮን ዶላር ተናዘው፣ ዳኛው በማግስቱ ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን አውርደውታል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢነሣ ውሻዪቱ ሰባራ ሳንቲም አታገኝም።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ሕጉ ተናዛዡ ለሰው በሚተወው ስጦታ ላይ ግዴታ እንዲያያይዝበት ይፈቅዳል። «ይህን ያህል እህል ለእገሌ ይሁን፤ እርሱም ላሜንና ውሻዬን ያኑር» ማለት ይቻላል። ልብ ልንለው የሚገባው የአደራረጉን ነገር ነው። እንደ ማንኩሳው ሽማግሌ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ብቻ የሚደረግ ኑዛዜ በሕጉ ዘንድ ጠባብ ነው፤ የሚተወው ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም፤ ተናዛዡም ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ቢቆይ ኑዛዜው ይፈርሳል። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በግ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ቃሉ በጽሑፍ ይስፈር፤ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበብ፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርሙበት።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ቤቱ እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ልጆች ለትምህርት ባሕር ዳር፣ ለሥራ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፈው ዐረብ አገር ይሄዳሉ። በገጠሩ ቤት አንዲት እናት ከአንድ ላም፣ ከአንድ ድመትና ከአንድ ውሻ ጋር ይቀራሉ። መሬቱ በይዞታ ደብተር ስም አለው፤ ላሚቱም ገዢ አታጣም። ለቅሶው አልፎ በሩ በተቆለፈ ማግሥት ውሻው ከደጁ ላይ ተኝቶ ይታያል። ጥቂት ቀን ጎረቤት ፍርፋሪ ይጥልለታል። ከዚያ ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ባለቤት አልባ ይባላል። በከተሞቻችን ደግሞ ባለቤት አልባ ውሻን በመርዝ ማጥፋት የቆየ አሠራር ነው። ያልተከተበና የተራበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሕፃናት ያመጣልና ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እንግዲህ ለውሻው ሰው መሰየም ለጎረቤት ልጅም ማሰብ ነው።

«ሰው በሚያልቅበት ዘመን ስለ ውሻ ታወራለህን?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው እውነት አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህም የምዕራብ ጎጃም ገጠር ብዙ ቀብር አይቷል። የሰው እንባ ይቀድማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጊዜ የሚመጣው ሞት የንስሐ አባት የማይጠብቅ፣ ሽማግሌ የማያስቀምጥ ሞት ነው። የማንኩሳው ሽማግሌ «ቆዩኝ አባ» ለማለት ጊዜ ነበራቸው። ያ ጊዜ ለሁሉ እንደማይሰጥ ያየ ሰው ነገሩን በደኅና ቀን ሊጨርሰው ይገባል። ደግሞም በድንገት ወላጁን ያጣ ሕፃን የእናቱን ድመት ይዞ ሲያድር ያየ ሰው ይህን ጉዳይ የሚንቀው አይመስለኝም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ሰው መምረጥ፤ መርጦም ፈቃዱን ራሱን መጠየቅ፤ እርሱ ባይችል የሚተካውን ሌላ ማሰብ። ለመኖው የሚሆን ጥቂት እህል፣ ጥቂት ገንዘብ ወይም የጓሮውን ሣር መለየት። እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ መቼ እንደተከተበ መንገር። ከዚያም በንስሐ አባት፣ በጎረቤትና በእድር ሰዎች ፊት ተናግሮ በወረቀት ማስፈር። እድሮቻችን የአባሉን ቤተሰብ ስም በመዝገብ ይይዛሉ፤ ከዚያው ገጽ ግርጌ «ከብቱንና ውሻውን የሚረከበው» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ መዝገቡ አይከብድም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ደጁን የሚረግጠው እድሩ ነውና።

በጓ ላቷን ውጭ የምታሳድረው ጌታዋ እንደማይሞት አስባ አይደለም፤ ሞትን አታውቀውም። የምናውቀው እኛ ነን። የምናውቅ ከሆነ ደግሞ ላቷን ከጅብ የሚጠብቅላትን ሰው ስም ከወዲሁ መጥራት የእኛ ፈንታ ነው።