934 ለ931፦ የክሪድሙር የተኩስ ግጥሚያ

በ1867 ዓመተ ምሕረት በዘመነ አጼ ዮሐንስ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በዓለ መስቀልን በሚያከብርበት በመስከረም 17 ቀን፣ ፈረንጆቹ ግን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 ብለው በመዘገቡት በዚያው ዕለት፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በሎንግ አይላንድ ክሪድሙር በሚባል ሜዳ ላይ ስድስት አይርላንዳውያንና ስድስት አሜሪካውያን በጠመንጃ ተፈታተኑ። በዓሉ በየዓመቱ በተመለሰ ቁጥር ያ ግጥሚያ መታሰብ የሚገባው በአሸናፊው ማንነት ብቻ አይደለም፤ በእጅ የተሞላ ጥይት እውነተኛነቱ የሚመረመረው በምን ዓይነት ፈተና እንደ ሆነ በግልጽ ስላሳየ ጭምር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። አይርላንዳውያኑ በ1873 በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን የኤልኮን ጋሻ አሸንፈው ስማቸው በገነነ ጊዜ፣ መሪያቸው ሻለቃ አርተር ሊች በኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ አማካይነት የአሜሪካን ተኳሾች ለግጥሚያ ጠሩ፤ ጥሪውንም አማተር ራይፍል ክለብ የተባለው ገና የተቋቋመ የኒውዮርክ ማኅበር ተቀበለ። ደንቡ እያንዳንዱ ሰው ከ800፣ ከ900 እና ከ1000 ያርድ ርቀት 15፣ 15 ጊዜ እንዲተኩስ፣ ዒላማውን መካከሉ ላይ የመታም 4 ነጥብ እንዲያገኝ ነበር፤ እንግዲህ አንድ ሰው ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 180፣ የአንዱ ወገንም 1080 ነው።

አይርላንዳውያኑ የያዙት፣ አንዱ ተወዳዳሪ ራሳቸው ሚስተር ጆን ሪግቢ የሠሩትን ከአፈሙዙ የሚሞላ ጠመንጃ ሲሆን፣ አሜሪካውያኑ ግን ሦስቱ ሬሚንግተን ሦስቱ ሻርፕስ የሚባለውን ከኋላው ጥይት የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ቀረቡ። ከአፈሙዝ የሚሞላው ጠመንጃ ለያንዳንዱ ተኩስ አዲስ ሥራ ይጠይቃል፦ ባሩዱ አስቀድሞ ይመዘናል፤ ከዚያም ቅንጣቱ በአፈሙዙ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በረጅም የናስ ቧንቧ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል፤ በመጨረሻም እርሳሱ በዘንግ ቀስ ተብሎ ይገፋል፣ መልኩ እንዳይበላሽም ኃይል አይበዛበትም። ከኋላ ለሚጎርሰው ደግሞ ቀለሁ አስቀድሞ ይሞላል፤ በውስጡም 90 ግሬን፣ ማለት ወደ 6 ግራም የሚጠጋ ጥቁር ባሩድ ይገባና በስስ ወረቀት የተጠቀለለው እርሳስ ከላዩ ይቀመጣል። ከተተኮሰ በኋላም ያው ቀለህ ካፕሱሉ ተለውጦ ደግሞ ይሞላል። በሁለቱም ወገን የጥቁር ባሩድ ጥላሸት የሚቀጥለውን እርሳስ ከመንገዱ እንዳያስተው የጠመንጃው ውስጥ በየተኩሱ መካከል ይወለወላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የርቀቱ ጠባይ ነው። እርሳሱ 1000 ያርድ ለመድረስ ከ2 ሴኮንድ በላይ በአየር ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ በባሩዱ ልክ ላይ የምትታይ ጥቂት ልዩነት ፍጥነቱን ትለውጥና አንዱን ጥይት ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ታደርገዋለች። ልምድ ያለው መርማሪ የምቶቹን አቀማመጥ አይቶ ጥፋቱን ይለያል፦ ምቶቹ ከላይ ወደ ታች ከተሰለፉ አሞላሉን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተበተኑ ግን ነፋሱን ወይም የተኳሹን እጅ ይመረምራል።

እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የሚስተር ሚልነር ጥይት ነው። አይርላንዳዊው ሚልነር በ900 ያርድ ላይ ሳሉ አንድ ጥይት ተኮሱ፤ ጥይቱም በትክክል መካከሉን መታ፤ ነገር ግን የመታው የራሳቸውን ሳይሆን የሌላውን ሰው ዒላማ ስለ ነበረ በደንቡ መሠረት ዋጋው ባዶ ሆነ። በፍጻሜው አሜሪካውያን 934፣ አይርላንዳውያን 931 ነጥብ ስላገኙ፣ ያች ጥይት በራሷ ዒላማ ላይ ብታርፍ ኖሮ አይርላንዳውያኑ በ935 ነጥብ ያሸንፉ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ድሉ የስሕተት ስጦታ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ በተለይም የጠመንጃ ሠሪዎቹ ወገኖች ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ አሮጌውን ዘመን በዚያች ዕለት ቀበረው ብለው አወጁ።

መዝገቡን በየርቀቱ ለይቶ ለሚያነብ ግን ይህ አዋጅ ጸንቶ አይቆምም። በ800 ያርድ አሜሪካውያን 326፣ አይርላንዳውያን 317 አገኙ፤ በ900 አይርላንዳውያን 312፣ አሜሪካውያን 310፤ በ1000 ደግሞ አይርላንዳውያን 302፣ አሜሪካውያን 298። ርቀቱ እየጨመረ፣ ፈተናውም እየከበደ በሄደ ጊዜ የበለጠው፣ የሚልነር ጥይት ሳትቆጠር እንኳ፣ ከአፈሙዙ የሚሞላው ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን አሮጌው ጠመንጃ ተሸነፈ ከማለት ይልቅ፣ በጥንቃቄ የተሞላ ጥይት በየትኛውም በኩል ቢገባ እኩል ይሄዳል ማለት ለእውነት የቀረበ ነው።

ሕዝቡ ያልረሳው ግን የኮሎኔል ቦዲንን የመጨረሻ ጥይት ነው። አይርላንዳውያኑ 931 ላይ ጨርሰው፣ አሜሪካውያኑም 930 ላይ ቆመው፣ አንድ ተኩስ ብቻ በቀረበት ሰዓት፣ ኮሎኔሉ ሊጠጡት የያዙት የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ፈንድቶ እጃቸውን ቆረጠው፤ እርሳቸውም ደሙ እየወረደ እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ተኙ፤ ቃታውንም ስበው መካከሉን መቱ። ታላቅ ተግባር ነው፤ ክብር ይገባዋል። ሆኖም አንዲት ጥይት ስለ አሞላል ምንም አትመሰክርም፤ ምስክርነቱ ያለው 45 ጊዜ ተኩሰው ከ180 ነጥብ 171 ያገኙት የአሜሪካዊው የሚስተር ሄንሪ ፉልተን መዝገብ ላይ ነው። ከሁለቱም ወገን እርሳቸውን የተከተሉት ሪግቢ ያገኙት 163 ነበር። ጀግናው ማን ነው ቢባል፣ እኔ ከቦዲን ይልቅ ፉልተንን እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳጠር፣ በ1875 በደብሊን አጠገብ በዶሊማውንት በተደረገው የመልስ ግጥሚያ አሜሪካውያኑ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የሬሚንግተን ጠመንጃ በዚያው ዓመት ወደ እኛም ምድር በግብጻውያን ወታደሮች ትከሻ ላይ መጣ፤ ከጉንደትና ከጉራዕ ድል በኋላም በርካታው በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። በአሜሪካ ደግሞ ሐኪሙ ፍራንክሊን ማን ለብዙ ዓመታት ጠመንጃን በማይነቃነቅ መደብ ላይ አስረው እየተኮሱ ሲመረምሩ ቆይተው፣ በ1909 ባሳተሙት መጽሐፍ የእርሳሱ መቀመጫ ጥቂት እንኳ ከተበላሸ ጥይቱ ከመንገዱ እንደሚወጣ አስረዱ።

በዛሬው ጊዜ ጥይት በእጁ የሚሞላ ሰው በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይመዝናል፤ የያንዳንዱንም ጥይት ፍጥነት በመሣሪያ ይለካል። በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር የተባለው ጥይት ስሙን ከዚያ ሜዳ ወስዷል። ሜዳው ራሱ ግን ከተኩስ ሥራ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በስፍራው የኒውዮርክ ግዛት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቆሟል። ሻለቃ ሊች ለአስተናጋጆቻቸው ያበረከቱት የብር ዋንጫ እስከ አሁን የአሜሪካ ተኳሾች በ1000 ያርድ ይፎካከሩበታል።