ባለ ፈጣን መኪናና የነዳጅ ነገር፤ በአዋሽ ሸለቆ መንገድ ታሪክ ሲመዘን

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ፈጣንና ብርቅ የሆነ የስፖርት መኪና የገዛ ሰው፣ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ቤንዚን እንደሚጠጣ ይጨነቃልን? ይህ ጥያቄ በሙያ ባልደረቦች መካከል ሲነሣ መልሱ ብዙውን ጊዜ በሣቅ ይዘጋል። ለፈረሱ ያልሳሳ ሰው ለገብሱ ምን ያሳሳዋል ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። ነገሩ ግን በሣቅ የሚዘጋ አይደለም። በተለይም ነዳጇን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በረሃ አቋርጣ ለምታስገባ አገር ጥያቄው የአንድ ባለጸጋ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አስቀድመን ሂሳቡን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ ለመድረስ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚጠጣ ባለ ብዙ ሲሊንደር መኪና ለዚህ ጉዞ 118 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። ስድስት ሊትር የሚበቃት ትንሽ መኪና ደግሞ ከ36 ሊትር በታች ትጨርሰዋለች። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ በተተመነው የሊትር ዋጋ፣ ማለትም በ101 ብር ከ47 ሳንቲም ብናሰላው፣ የሁለቱ ልዩነት 8 ሺህ 400 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ለመምህር ወይም ለታክሲ ነጂ ከባድ ገንዘብ ነው። ዋጋው በብዙ ሚሊዮን ብር የሚቆጠር መኪና ለያዘ ሰው ግን የአንድ ጎማ መግዣ እንኳ አይሞላም። እስከዚህ ድረስ የሣቁት ሰዎች ልክ ናቸው።

ነገር ግን ያው መኪና የነዳጅ መያዣው 80 ሊትር ነው እንበል። በዚሁ አጠጣጡ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ቢነሣ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። 400ኛው ኪሎ ሜትር ደግሞ የሚውለው ከገዋኔ አልፎ፣ ሚሌ ሳይደረስ፣ ግመልና ግራር ከሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የባለመኪናው ሀብት አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው በመያዣው ውስጥ የቀረው ሊትር ነው። እንግዲህ የነዳጅ ቁጠባ ሁለት ገጽ አለው ማለት ነው፤ አንዱ «ስንት ያስወጣኛል?» የሚለው ሲሆን ሌላው «እደርሳለሁን?» የሚለው ነው። ባለጸጋው የመጀመሪያውን ሊንቀው ይችላል። ሁለተኛውን የናቀ ግን የአዋሽ መንገድ ሲቀጣው ኖሯል።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከአገራችን የመኪና ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ በሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስና መኪናውን ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ ጥቂት ዘግይቶም ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ በሌላ መኪና ሲከተለው፣ በመንገዱ ላይ ቤንዚን የሚሸጥ አንድ ስፍራ አልነበረም። የባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጫን ነበርና ለንጉሠ ነገሥቱ መኪና የሚሆነው ቤንዚንም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። በዓለም ላይ ብርቅ ከሆኑት መኪናዎች አንዱን የያዙት ንጉሥ የሊትሩ ዋጋ ሊያሳስባቸው አይችልም፤ ቆርቆሮው በጊዜው ከደጅ መድረሱ ግን ማሳሰቡ አይቀርም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባለ ብርቅ መኪና የነዳጅን ነገር የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ተቃለለ። አዋሽ ሰባት ኪሎም በጣቢያውና በቡፌው የታወቀች የመንገደኛ ማረፊያ ሆነች። መኪና ግን ገና የከተማ ጌጥ እንጂ የሩቅ መንገድ መሣሪያ አልነበረም። ለዚህ የበቃው ቆይቶ፣ የአሰብ ወደብና የነዳጅ ማጣሪያው ሲደራጁ ነው።

ማጣሪያው በሶቪየት ኅብረት ብድር ተሠርቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ቤንዚንና ናፍጣ በቦቴ ተጭኖ በአፋር ምድር ማለፍ ያዘ። የኤንትሬና የተሳቢ ሾፌሮች ስማቸው የገነነው በዚህ መንገድ ነው፤ ሾፌሮቹ የሞተርን አጠጣጥ በጆሮአቸው ያውቁታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ማጣሪያው ቀደም ብሎ ሥራውን አቁሞ ነበር። ጭነቱ ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ። አዲሲቱ የክልል መዲና ሰመራም ከሎጊያ አጠገብ፣ በዚሁ የቦቴ መንገድ ዳር ተቆረቆረች።

እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ልጨምር፤ መሐንዲስ አንባቢ አይሰለቸውም ብዬ አምናለሁ። ቦቴው ራሱ ጠጪ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመቶ ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል ብንል፣ 45 ሺህ ሊትር ለማድረስ 810 ሊትር ያቃጥላል፤ ከመቶው ሁለት እጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በከንቱ የሚነድ እያንዳንዱ መቶ ሊትር፣ በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ የነደደ ሌላ ሁለት ሊትር ያህል ከኋላው ይጎትታል። ይህን ለማቅለል ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳይዘረጋ ቀረ።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስና፣ ባለጸጋው ለነዳጅ የተጨነቀበት ጊዜ ነበርን? ነበር። በ1966 ዓ.ም. የዓረብና የእስራኤልን ጦርነት ተከትሎ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር በሆላንድና በምዕራብ ጀርመን እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ታገደ። ያኔ የታየው ነገር ለጥያቄያችን ትልቅ ትምህርት አለው። የጣሊያን የስፖርት መኪና ገዢዎች የሊትሩ ዋጋ አልከበዳቸውም፤ ዓይን ግን ከበዳቸው። ሕዝብ ተሰልፎ ቤንዚን ሲጠብቅ ባለ ስምንትና ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር መኪና ይዞ ብቅ ማለት አሳፋሪ ሆነ። ነገ ቤንዚን ይገኝ አይገኝ እንደሆነም አልታወቀም። ገበያው በረደ። የማሴራቲ ባለቤት የነበረው ሲትሮን በ1967 ዓ.ም. ኩባንያውን ወደ መዝጋት አዘነበለ፤ ላምቦርጊኒም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከሰረ። ፋብሪካዎቹ ሌላም ችግር ነበረባቸው፤ ነገር ግን ባለጸጋ ስለ ነዳጅ ግድ የለውም የሚለው አባባል በእነዚያ ዓመታት ዋጋ ከፍሏል።

በእኛ አገር ግን ጉዳዩ ከገበያ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በዚያው ዓመት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን በራሳቸው ምክንያት አደሙ። በቀናት ውስጥ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ በመጠኑ ዝቅ ለማድረግ ተገደደ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወሩ ሳያልቅ ከሥልጣን ለቀቀ። ልብ ይሏል፤ አድማውን የመቱት በቤተ መንግሥት ግቢ የሚቆሙት የሮልስሮይስ መኪናዎች አልነበሩም። ብዙ የሚጠጣው ዝም ሲል፣ ጥቂት የሚጠጣው ጮኸ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሮልስሮይስ ሳይሆን በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ይህን ከነዳጅ ጋር አያይዤ ብዙ ማለት አልሻም፤ ቢሆንም በመኪና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ የመኪና ለውጥ ሌላ ቦታ መታየቱን አላስታውስም።

አሁን ስለ ሞተሩ ጥቂት እንበል። ትልቅ ሞተር ብዙ የሚጠጣው ፈጥኖ ሲሮጥ ብቻ አይደለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ፣ ግዙፍ የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያውን ከሞላ ጎደል ዘግቶ፣ በጠባብ ቀዳዳ አየር እየሳበና ብዙ ፒስተኖችን በከንቱ እያፋተገ ይሠራል። ስለዚህ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሩ በሰልፍ ቆሞም ይጠጣል። በሙሉ ፍጥነት ሲለቀቅማ አይወራም፤ ቡጋቲ ቬሮን የተባለው መኪና በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር 100 ሊትሩን በ12 ደቂቃ ያህል እንደሚጨርስ ይነገርለታል፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

የእኛ መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በሚበልጥ መጠን የሳሳ ነው። ለጠረፍ አየር የተስተካከለ የቀድሞ ካርቡራቶር እዚህ ከልክ ያለፈ ቤንዚን ይረጭና ጥቁር ጭስ ያወጣ ነበር። በአንጻሩ ለከተማዋ የተስተካከለው መኪና 1 ሺህ ሜትር ገደማ ወዳላት አዋሽ፣ ከዚያም ከ500 ሜትር በታች ወደሆነችው ሰመራ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰውና በዚያ ሐሩር ሞተሩ ይግላል። ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ከመጣ ወዲህ ይህ ችግር ቀርቷል። የቀድሞ መካኒኮቻችን ግን በጆሮና በሻማ ቀለም ብቻ እየተመሩ ያስተካክሉት የነበረው ሙያ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ስለ ነዳጅ ግድ የላቸውም ማለትም ስሕተት ነው። ከ1974 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ግሩፕ ሲ» በተባለው የረጅም ሰዓት ውድድር መኪናዎቹ ለ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ከ600 ሊትር በላይ እንዳይጠቀሙ ተወስኖ ነበር። ያን ጊዜ ፖርሼን የመሰሉ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ከአንዲት ሊትር የሚወጣውን ጉልበት ለመጨመር ሌሊት ተቀን ሠሩ። ፍጥነትና ቁጠባ ጠላቶች ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ ያፈረሰው ውድድሩ ራሱ ነው። ገደብ ሲኖር ባለ ፈጣኑም ይቆጥባል፤ ገደብ ሳይኖር ግን በፈቃዱ ሲቆጥብ አይታይም።

በአገራችን ያ ገደብ ማን ላይ ነው የተጣለው? የጣሊያን የስፖርት መኪና በመንገዶቻችን ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። የእኛ የክብር መኪና ሌላ ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ቪ ኤይት» የሚለው ላንድክሩዘር። የናፍጣው ዓይነት ሞተር አራት ሊትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ሁለቱ የነዳጅ መያዣዎቹ በድምሩ 138 ሊትር ይይዛሉ። ከአዲስ አበባ ሰመራ ሳይሞላ መድረሱ በዚህ መንገድ ላይ እንዲከበር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተሳፋሪው ነዳጁን የሚከፍለው ከኪሱ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል። ለዋጋው ከባለ ላምቦርጊኒው ይልቅ ግድ የሌለው ሰው ቢኖር ይህ ነው። ለብዙ ዓመታት መንግሥት ነዳጅን ሲደጉም ኖሯልና፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ የጠጣ ብዙ ድጎማ ይወስድ ነበር፤ በእግሩ የሚሄደው አርብቶ አደር ደግሞ ምንም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን መደረጉ፣ ዋጋው ቢያስመርርም፣ በእኔ ግምት ፍትሐዊ እርምጃ ነው። በዚያ ወር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የቤንዚን ዋጋ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

የኤክሳይስ ታክሱ ነገር ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለአዲስ መኪና እስከ 1 ሺህ 300 ሲ ሲ አምስት በመቶ፣ ከ1 ሺህ 800 ሲ ሲ በላይ ለሆነው መቶ በመቶ ጣለ፤ ላረጀው እስከ አምስት መቶ በመቶ አደረሰው። የሞተር ስፋት ግን የአጠጣጥ ሚዛን አይደለም። ደግሞም ታክሱ አንድ ጊዜ በጉምሩክ በር ተከፍሎ ያበቃል፤ ባለመኪናው ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚያነደውን አይነካም። ይህን የከፈለ ባለጸጋ «ከፍያለሁ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይጠጣል። በመቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጣውን ለክቶ በመኪናው ላይ የሚጽፍና በየዓመቱ ምርመራ ጊዜ የሚያስከፍል ሥርዓት ቢኖር ይሻል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሲገልጽ ክርክሩ ወደ ሌላ ምዕራፍ ገባ። አሁን ፈጣኑና ውዱ መኪና ቤንዚን የማይጠጣው ሆነ። ባለቤቱም የሊትር ዋጋ ከሚጠይቀው ነጋዴ ጋር ጉዳይ የለውም። ነገር ግን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ሲነሣ ከፊቱ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በሐሩሩ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የመኪናው ማቀዝቀዣና የባትሪው ማቀዝቀዣ ከዚያው ባትሪ ይቀዳሉ፤ እግሩን በረገጠው ቁጥርም በመስታወቱ ሥር የሚታየው የቀሪ ኪሎ ሜትር ቁጥር ይወርዳል። ገዋኔን ሲያልፍ ዓይኑ ከፍጥነት መለኪያው ወደዚያ ቁጥር ይዞራል።