ዘንቢሉን ማን ይሸከም? ገበያ፣ መኪናና ብስክሌት በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ መኪና ካየች ከ115 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ከግማሽ የሚበልጠው የነዋሪዎቿ ጉዞ በእግር ነው። የገበያ ዘንቢል ደግሞ ዛሬም በአብዛኛው የሚጓዘው በሴት እጅና በሴት ጀርባ ነው። በማኅበራችን ከተዘዋዋሪ ብድሩ ለብስክሌት መግዣ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። "መኪና ይሻላል ወይስ ብስክሌት?" ብለን ከመከራከራችን በፊት እዚህ እንዴት እንደደረስን ብናውቅ ይጠቅመናል።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪናውን በረሃና ተራራ አሻግሮ አዲስ አበባ አስገባ። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። በዚያው ዓመት ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። መኪና ግን ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ ቆየ። መኳንንትና ወይዛዝርት በበቅሎ ሲሄዱ፣ እህሉና እንጨቱ በአህያና በሰው ጀርባ ወደ አራዳ ገበያ ይወጣ ነበር። የእንጦጦን ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ታሪክም ከከተማዋ ዕድሜ ጋር አብሮ የሄደ ነው።

ጣልያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። የዛሬው መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። ውሳኔው የገዢዎች ነበር፤ የተለወጠው መንገድ ግን የሻጭና የገዢ እናቶች መንገድ ነበር። ገበያው ሲዛወር ጭነቱን የሚያደርስ መጓጓዣ አብሮ አልመጣላቸውም።

የብስክሌት ልማድም በጣልያኖች በኩል በተለይ አስመራ ላይ ጠበቀ። በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ለኢትዮጵያ በብስክሌት ተወዳደሩ። አዲስ አበባ ላይ ግን ብስክሌት የወንድ ልጅ ጨዋታና ስፖርት ተደርጎ ቀረ። ወንዶች ልጆች በየሰፈሩ በደቂቃ ሒሳብ እየተከራዩ ሲነዱ፣ ሴት ልጅ ብትሞክር "ክብርሽን ታጫለሽ" ትባል ነበር። ስለዚህ ዘንቢል የምትሸከመዋና ብስክሌት የሚነዳው ሳይገናኙ ቀሩ።

ከድል በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ጣልያን ጥሎ በሄዳቸው ጥቂት ተሽከርካሪዎች የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት ተጀመረ። ቆይተው ሴቼንቶ ታክሲዎች፣ ቀጥሎም ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያወራ የሚሄድባቸው "ውይይት" የተባሉት መጡ። ሕዝቡ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ስለነበር የነዳጅ ዋጋ የሁሉም ጉዳይ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት ነዳጅ በዓለም ዙሪያ ተወደደ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ከጨመረው ዋጋ ላይ ለመቀነስ ተገደደ። አድማው ከመምህራኑ ጥያቄና ከወታደሩ እንቅስቃሴ ጋር ተዳምሮ ዘውዱን ወደጣለው አብዮት አመራ።

ያው የነዳጅ ችግር ሌላ አገር ላይ ሌላ ነገር ወለደ። ዛሬ የብስክሌት አገር የምንላት ሆላንድ በዚያን ጊዜ ለመኪና ብላ ሰፈር ታፈርስ ነበር። በአውሮፓውያን 1971 በአንድ ዓመት ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሲሞቱ፣ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች "የሕፃናት ግድያ ይቁም" ብለው ተደራጁ፤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበራቸውም ማርቼ ፋን ፑተን የተባለች ወጣት እናት ነበረች። መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱ፣ ምክር ቤት ድረስ ሄደው ጮኹ። በነዳጁ ችግር ጊዜ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ሲያግድ፣ ሕዝቡ ጸጥ ያለ መንገድ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። የብስክሌት መንገዱ ከዚያ በኋላ በየከተማው ተዘረጋ። ያንን መንገድ ያስገኘው የአገሩ ሜዳነት ብቻ ሳይሆን የተደራጁ እናቶችና አባቶች ጩኸት ጭምር ነው።

ወደ ክፍለ ከተማችን እንምጣ። በ1990ዎቹ የተሠራው ቀለበት መንገድ ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ ያልፋል። ለመኪና ፈጣን ሆነ፤ ለእግረኛ ግን ማዶ ያለው ጎረቤት ሩቅ ሆነ። ዕቃ የያዘች ሴት ወይ ድልድዩን ትወጣለች፣ ወይ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥላ ሕይወቷን አሲዛ ትሻገራለች። ቀጥሎ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ከመሐል ከተማ ብዙ ቤተሰብ ከለመደው ጉሊትና ከደንበኛው ርቆ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ። ገበያው እኛው ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ገዝታ ጉሊቷ የምትመለስ እህት ለተሸካሚ፣ ለታክሲና ታክሲው ላይ ለሚጫነው ዕቃ መክፈሏ አልቀረም። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የዚህ ሁሉ ሒሳብ ጨመረ።

በጎ ጅምሮችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" በሚል መኪና የማይገባባቸው እሑዶች ተጀመሩ። ከለቡ ጀሞ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱም በመሐል ከተማ የብስክሌት መንገድ አካቷል። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለጉሊት ነጋዴ አይደረስበትም። ብስክሌት ይደረስበታል፤ ነዳጅም አይጠይቅም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ሴቶች ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ሲነዱ ማየት ብርቅ አይደለም። ከተሞቹ ሜዳ ናቸው ቢባል፣ የእኛም ሰፈር ሽሮ ሜዳ አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ሲገኝ፣ ከተማዋ ወደ ደቡብ እየወረደች አቃቂ ላይ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ የከበደው ዳገት ወደ ሰሜን ነው።

ብስክሌት ግን ሁሉን አይተካም። የታመመ ሰው ሆስፒታል ለማድረስ፣ ለሰርግና ለለቅሶ ድንኳን ለማጓጓዝ መኪና ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና አረጋዊት እናትም አውቶቡስ ይሻላቸዋል። ሁለት ዘንቢል አትክልት ከኃይሌ ጋርመንት ጀሞ ለማድረስ ግን ከኋላው ጠንካራ የዕቃ መጫኛ ያለው ብስክሌት ይበቃል።

ስለዚህ ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ነገሮችን እንድናደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ገበያ የምትመላለስ አባል ሁሉ ለአንድ ወር የታክሲ፣ የዕቃና የተሸካሚ ወጪዋን በደብተር ትጻፍ። ብድሩ በስንት ወር እንደሚመለስ ለእኛም ለደጋፊዎቻችንም የሚያሳየው ያ ሒሳብ ነው። ሁለተኛ፣ የሚገዛው ብስክሌት ቀሚስ ለለበሰች ሴት የሚመች፣ ጭነት የሚችልና መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝ ይሁን፤ ከአባላት ሁለት ሦስቱም ጥገና ይማሩ። ሦስተኛ፣ የለቡና የጀሞው መስመር ከአትክልት ተራው ጋር እንዲገናኝ፣ ቆሞ የሚውል መኪናም እንዳይዘጋው፣ በማኅበራችን ስም ለወረዳና ለክፍለ ከተማ እንጻፍ። ገበያው ሦስት ጊዜ ሲዛወር እናቶቻችንንም እኛንም የጠየቀን የለም። የመንገዱ ነገር ሲወሰን ግን ሳንጠራ ሄደን መናገር እንችላለን።