ስም ከመቃብር በላይ፤ የነገሥታቱና የጀግኖቹ ስም ምን ይናገራል?



ፊደል የቆጠረ ሰው መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልገው ምንድን ነው? የራሱን ስም አይደለም እንዴ? በጣት አሻራ ሲፈርም የኖረ ሰው ብዕር ይዞ ስሙን በወረቀት ላይ ሲያስቀምጥ ደስታው ልዩ ነው። ይሁንና ስምን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ስሙ ምን እንደሚል ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። በታሪክ የምናውቃቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እያነሣን፣ ስሙ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው? ለምን ተሰጠ? እያልን እንመረምራለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በጥንቱ የአገራችን ቤተ መንግሥት አንድ ትልቅ ሰው አንድ ስም ብቻ አልነበረውም። አንደኛው እናትና አባት ያወጡለት የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው ቄሱ ሲያጠምቁት የሚሰጡት የክርስትና ስም ነው። ሦስተኛው ዘውድ ሲጭን የሚወስደው ስመ መንግሥት ነው። አራተኛው በጦር ሜዳ የሚጠራበት የፈረስ ስም ነው። እነዚህ አራት ስሞች አራት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ። የዓለም ስም የወላጆችን ልብ ይናገራል፤ የክርስትና ስም ሃይማኖቱን ይናገራል፤ ስመ መንግሥት ንጉሡ ለሕዝቡ የገባውን ቃል ይናገራል፤ የፈረስ ስም ደግሞ በሰልፍ ጊዜ ያለውን ጠባይ ይናገራል።

እስቲ ከዐፄ ቴዎድሮስ እንጀምር። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ካሣ ነው። ካሣ ማለት ለጠፋ ነገር የሚከፈል ምትክ ነው። በባህላችን ልጅ ወይም ዘመድ ከሞተ በኋላ የሚወለድ ልጅ ካሣ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ እየተባለ ይጠራል። የእናታቸው የወይዘሮ አትጠገብ ስምም ራሱን የቻለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብትታይ ብትታይ የማትጠገብ ማለት ነው። ጠላቶቻቸው ግን እኒህን እናት ኮሶ ሻጭ እያሉ በልጃቸው ላይ ይሳለቁ ነበር። የፈረሳቸው ስም ታጠቅ ነበርና በሠራዊቱ ዘንድ አባ ታጠቅ ተባሉ። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ታጠቅ! ዝግጁ ሁን! ይላል።

ታዲያ ካሣ እንዴት ቴዎድሮስ ሆኑ? ቴዎድሮስ የግሪክ ስም ነው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ የተመረጠው ለትርጉሙ ብቻ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ፣ ከብዙ መከራና ሁከት በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍትሕና በሰላም 40 ዓመት ይገዛል የሚል ትንቢት ነበረ። በዘመነ መሳፍንት ጦርነት የተንገላታው ገበሬ ይህን ንጉሥ ሲጠብቅ ኖሯል። ካሣም በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ያንን ስም ወሰዱ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ የገዙ ሌላ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ነበሩ፣ እሳቸው ዳግማዊ ተባሉ። እንግዲህ ስሙ ለሕዝቡ የተሰጠ ቃል ነበረ፤ የምትጠብቁት እኔ ነኝ፣ የመሳፍንቱ ዘመን አበቃ የሚል ቃል። ንጉሡ የገዙት ግን 13 ዓመት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከባድ ስም ከባድ ዕዳ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ስም ደግሞ አንጀት ይበላል። ዓለም በአማርኛ ምድርን ብቻ አይደለም የሚያመለክተው፤ ደስታም ማለት ነው። ልጅ የወለደ ሰው «ዓለሜን አየሁ» ሲል ደስታዬን አየሁ ማለቱ ነው። ይህ ልጅ በመቅደላ አባቱን አጣ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር በሚደረገው ጉዞ ላይ ሞቱ። የ7 ዓመቱ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። ወላጆቹ ደስታ ብለው ያወጡት ስም በሰው አገር መቃብር ላይ ቀረ።

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የተነሡት ዐፄ ዮሐንስም የዓለም ስማቸው ካሣ ነው፤ ካሣ ምርጫ። ሁለት ካሣዎች በአንድ ዘመን ለመንገሥ መብቃታቸው የሚያስገርም ነው። ሁለተኛው ካሣ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ጭነው ዮሐንስ ተባሉ። የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነው፤ የጠላትን ሰፈር ዝረፍ፣ በትን እንደ ማለት ነው። የጦር መሪያቸው ራስ አሉላ ደግሞ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ነጋ ማለት ጨለማው አለፈ፣ ብርሃን ሆነ ማለት ነው። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር የመቱት እኒሁ አባ ነጋ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግረው የመንን የወጉት የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ስመ መንግሥታቸው እለ አጽብሐ ነበር። ይህም በግዕዝ ያነጋው፣ ብርሃን ያመጣው ማለት ነው። በካሌብና በአሉላ መካከል ከ1300 ዓመት በላይ አለ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ጀግና ማለት ሌሊቱን የሚያነጋ ነው።

አሁን ወደ ዐፄ ምኒልክ እንምጣ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው፤ የማርያም ምሕረት ማለት ነው። ምኒልክ ስለሚለው ስም ሁለት ዓይነት ማብራሪያ አለ። አንደኛው በቃል የሚነገረው ነው። ልጁ ሲወለድ «ሰው ምን ይል ይሆን?» የሚል ንግግር ተነሥቶ፣ ምን ይልህ ከሚለው ቃል ምኒልክ የሚለው ስም ወጣ ይባላል። ይህ ለጆሮ የሚጥም ወግ ነው። ሁለተኛው ግን ከመጻሕፍት የሚገኘው ነው። በክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ልጅ በይነ ልሕክም ተብሎ ተጽፏል። ይህም ኢብን አል ሐኪም ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ የጠቢቡ ልጅ ማለት ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን መሆኑ ነው። የሸዋው ልዑል ይህን ስም መያዛቸው እኔ የሰሎሞን ዘር ነኝ ለማለት ጠቅሟቸዋል። ስለዚህ የአንድን ስም ትርጉም ስትሰሙ ወጉን ከመረጃው ለዩ። ወጉን አትናቁት፤ ሕዝቡ ስለ ሰውዬው ምን ያስብ እንደ ነበር ይነግራችኋልና። ነገር ግን ወግ ወግ ነው።

የምኒልክ የፈረስ ስም አባ ዳኘው ነው፤ ዳኘ ፈረደ ከሚለው የወጣ ነው። በዚያ ዘመን የንጉሥ ስም ለተራው ሰውም መሣሪያ ነበር። አንድ ድኻ የበደለውን ሰው በመንገድ ላይ ቢያገኘው «በምኒልክ አምላክ ቁም!» ይለዋል። የተጠራው ሰው ባለጠጋም ቢሆን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ወደ ዳኛ ዘንድ አብሮ መሄድ አለበት። ፖሊስ ጣቢያና የጥሪ ወረቀት ባልነበረበት ጊዜ ስም ብቻውን የፍርድ ቤት ጥሪ ሆኖ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

የእቴጌ ጣይቱ ስም ግልጽ ነው። ጣይ በቀድሞው አማርኛ ፀሐይ ነው፤ ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ማለት ነው። ዘውድ ሲጭኑም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተባሉ። ስሙና ማዕረጉ ተስማሙ። የከተማችን የአዲስ አበባ ስም ከእሳቸው ጋር የተያያዘ መሆኑንም አትርሱ። ከእሳቸው በፊት በጎንደር የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ስማቸው የአድናቆት ቃል ነው፤ ምን ያህል ውብ ናት! እንደ ማለት ነው። ንግሥት ዘውዲቱም አሉ። ዘውዲቱ ማለት ዘውዷ ማለት ነው። ይህ ስም ሲወጣላቸው ይነግሣሉ ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ ሆኖም በ1909 ዓ.ም. ነገሡና ዘውዱን በራሳቸው ላይ ጫኑ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲወለዱ ተፈሪ ተባሉ፤ የሚፈራ ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን ስመ መንግሥት አደረጉት፤ የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነው፤ ሁሉን በአንድ ሰብስብ ማለት ነው። የአባታቸው የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለው በዚህ ስም ነው። የሚያስደንቀው ሌላው ነገር፣ ንጉሡ የተዉት የቀድሞ ስም ባሕር ተሻግሮ መኖሩ ነው። በጃማይካ ደሴት ያሉ ሰዎች ራስ ተፈሪ ከሚለው ማዕረግና ስም ራሳቸውን ራስተፈርያን ብለው ጠሩ።

ስም ሁልጊዜ ወዳጅ የሚያወጣው ነገር አይደለም፤ ጠላትም ያወጣል። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል የመቱት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ናቸው። አሕመድ በዐረብኛ እጅግ የተመሰገነ ማለት ነው። በአማርኛ የቀረው ግን ግራኝ የሚለው ነው፤ በግራ እጃቸው ይጠቀሙ ስለ ነበረ ነው። ሶማሌዎችም ጉሬ ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ከዐፄ ልብነ ድንግል በኋላ የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ ስመ መንግሥታቸው አጽናፍ ሰገድ ነበር፤ የምድር ዳርቻ ሁሉ የሰገደለት ማለት ነው። እኒሁ ንጉሥ በመጋቢት ወር 1551 ዓ.ም. ከሐረር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ስም ምኞትን ይናገራል እንጂ ዋስ አይሆንም።

አባ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጠቀስነው። በኦሮምኛ አባ አባት ወይም ባለቤት ማለት ነው፤ በፈረስ መጠራትም በኦሮሞ ነገሥታት ዘንድ የጸና ልማድ ነበር። የጅማው አባ ጅፋር በዚህ ዓይነት ስም ታወቁ። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የመጀመሪያ ስማቸው ኢብሳ ነበር፤ በኦሮምኛ ብርሃን ማለት ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ደግሞ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በምክራቸውና በፍርዳቸው ምክንያት አባ መላ ተባሉ። የክርስትናው ስም አማርኛና ግዕዝ ሲናገር፣ የአባታቸው ስም ዲነግዴ ግን ከየት እንደ መጡ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአገራችን ልጆች ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ሲገቡ፣ ስማቸው ለጠሪው አፍ አልመች ስላለ ብቻ ሌላ ስም የተለጠፈባቸው ጥቂት አይደሉም። ከተሞችም እንዲሁ ሆነዋል። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብለው ቆይተው፣ በኋላ የጥንት ስማቸው ተመልሷል። የሰውን ስም መለወጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ወላጆቹ የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ነው። እስቲ አስተውሉ፤ አማራው ልጁን ደስታ ይለዋል፤ ኦሮሞው ገመቹ ይለዋል፤ ትግሬው ሓጎስ ይለዋል፤ ሶማሌው ከዐረብኛ ወስዶ ፋራሕ ይለዋል። አራቱም ያሉት አንድ ነገር ነው። ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው የሌላውን ስም አይንቅም፤ አያበላሽምም።

ማበላሸት ስንል አጻጻፍም አለበት። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ያደርጋል። እንግዲህ ሠረቀ ብርሃን የተባለውን ሰው ስም በተሳሳተው ሰ ብንጽፈው፣ ብርሃን የወጣለትን ሰው ብርሃን የሰረቀ አደረግነው ማለት ነው! ሥላሴም በንጉሡ ሠ፣ ኃይልም በብዙኃኑ ኀ የሚጻፉት ሥራቸውን ለማሳየት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የነገሥታቱን ስም ጸሐፊዎቻቸው ጽፈው አቆይተውልናል። የእናንተን ስም ታሪክ ግን ማን ጻፈው? የሚያውቁት ስሙን ያወጡት እናት፣ አባት ወይም አያት ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። እናንተ ግን ዛሬ መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ለዚህ ሳምንት የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለቤተሰባችሁ ሽማግሌዎች አቅርቡና መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ስሜን ማን አወጣው? በዚያን ጊዜ በቤታችን ምን ሆኖ ነበር?
2. የአያቴና የቅድመ አያቴ ስም ማን ነው? ትርጉሙስ?
3. በአካባቢያችን ስሙ የተለወጠ ሰው ወይም ቦታ አለ? የቀድሞው ስም ምን ይል ነበር?

አበው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት፣ ሰው ቢሞት ስሙ ይቀራል ለማለት ነው። ስሙ ከነትርጉሙ እንዲቀር ግን የሚጽፈው ሰው ያስፈልጋል። ደኅና ሁኑ።