«ዎከር»፦ የአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም በመዝገብ ሲፈለግ

ከእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች ብዙዎቹ የእጅ ሙያ ስሞች ናቸው። ከነዚህም «ዎከር» የተባለው እኛን መሐንዲሶችን ይበልጥ የሚመለከት ነው። የዛሬ ሰው ሲሰማው «እግረኛ» ማለት ይመስለዋል፤ ምንጩ ግን የሱፍ ጨርቅ ሥራ ነው። ከሸማኔው እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ሳሳ ያለና ቅባታም ስለሆነ፣ በገንዳ ውስጥ ከውሃና ቅባት ከሚመጥ አፈር ጋር ተነክሮ በእግር ይረገጥ ነበር። ሲረገጥም ይጸዳል፣ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል። የዚህ ሙያ ባለቤት በሰሜን ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ተከር ይባል ነበር።

የሚያስደንቀው ስሙ ከሥራው ዘዴ ይልቅ ዕድሜ ማግኘቱ ነው። በ1185 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቴምፕላር ማኅበር ርስቶች ሲመዘገቡ፣ በዮርክሽር ኒውሳም በተባለ ስፍራ ጨርቅ በውሃ ኃይል የሚወቅጥ ወፍጮ ተጽፏል። መንኰራኵሩ ዘንግ ያዞራል፤ በዘንጉ ላይ የተተከሉት ጥርሶች ከባድ የእንጨት መዶሻዎችን እያነሡ ይለቃሉ። የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ በሰፊው የጸናው ግን በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ዎከር የሚለውን ስም ለዘራቸው ያወረሱት፣ መዶሻው የእግርን ሥራ መውሰድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ስሙን በመዝገብ የሚከታተል ሰው ከታወቀው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ነገሩ ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ ከፍታን እንደ መለካት ነው፤ አንዱ ንባብ ከተሳሳተ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ይከተላል። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲሆን፣ ይህም በ1538 በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ የተጀመረ ነው። ይሁን እንጂ በ1598 አሮጌው መዝገብ በብራና ይገልበጥ ሲባል፣ በተለይ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ ወዲህ ያለው እንዲገለበጥ ስለ ታዘዘ፣ ብዙዎቹ የሚነሡት ከ1558 ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ስለ ነበር፣ በኤፕሪል 1700 የተጠመቀ ሕፃን በፌብሩዋሪ 1700 ተቀበረ ተብሎ ቢገኝ ከመጠመቁ በፊት የሞተ ይመስላል፤ የሞተው ግን በዛሬው አቆጣጠር በ1701 ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንኖር እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

ትልቁ ገደል ያለው ከ1538 በላይ ነው። በ1379 በየሰዉ ላይ ለተጣለው ግብር የተዘጋጀው ዝርዝር፣ በተለይ የምዕራብ ዮርክሽሩ፣ ስምን ብዙ ጊዜም ሙያን ይነግረናል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል 159 ዓመት አለ። የባላባቱ ችሎት መዝገብ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ማለፉን ካላሳየ በቀር፣ የ1379ኙን ዎከር የ1538ቱ ዎከር አያት ቅድመ አያት ማድረግ ምኞት እንጂ ታሪክ አይደለም። ጨርቅ በሚረገጥበት የሰሜን መንደር ሁሉ ስሙ ለብቻው ሊወለድ ይችል ነበርና። በዚህ ላይ የጥንት ጸሐፊዎች በላቲን ይጽፉ ስለ ነበር ሙያን ይተረጕማሉ፤ በመዝገብ «ፉሎ» የተባለውን ሰው ጎረቤቶቹ ዎከር ይበሉት፣ ፉለር ወይም ተከር፣ ከገጹ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።