ላንቴን ከሰማይ ያዩ ማጣሪያዎች

ከእግዜር ድልድይ ላይ ሆኖ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ለተመለከተ ሰው ልዩነታቸው ወዲያው ይታየዋል። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። አባያን ያቀላው ከደጋው እየታጠበ የሚገባበት ደቃቅ አፈር ነው። አፈሩ በጣም የደቀቀ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሐይቁም ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሁልጊዜ ያናውጠዋል።

ላንቴ በዚህ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ያለች ቀበሌ ናት። በስተጀርባዋ የጋሞ ተራሮች፣ ከፊቷ አባያ፤ በመካከሉ ሙዝ፣ ማንጎና በቆሎ። ከጨንቻ በኩል የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ ማሳውን ያጠጣል፤ የተረፈው ከነአፈሩ ወደ ሐይቁ ይገባል። የሙዙ ቅጠልና የሐይቁ ቅላት ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ከሰማይ ሲለኩ ኖረዋል። የተለኩት ብርሃንን በቀለም ለይተው በሚያሳልፉ ማጣሪያዎችና የተጣራውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ዲቴክተሮች ነው። ነገሩ ከሳይንስ ክፍል ወጥቶ የሁላችንም ጉዳይ መሆን ይገባዋል ብዬ ስለማምን ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሽል የተባለ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ሞቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ብርሃን የተገኘው እንዲህ ነው። ለላንቴ ገበሬ ይህ ግኝት ምኑ ነው? ጤነኛ የሙዝ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ማዘጋጃ ይወስደዋል፤ ከቀዩ ወዲያ ያለውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ይልከዋል። ለእኛ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን ቅጠል ይበልጥ የሚያበራው እኛ በማናየው ብርሃን ነው። ንጹሕ ውኃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ውጦ ያስቀራል፤ አፈር የበዛበት ውኃ ቀዩን ይመልሳል። ስለዚህ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን ለይቶ መለካት የቻለ ሰው ቅጠሉን፣ ውኃውንና አፈሩን ለይቶ ያውቃል።

የሚለየው ማጣሪያ እንደ ወንፊት ነው፤ የሚነፋው ግን በሞገድ ርዝመት ነው። በመስታወት ላይ ከሰው ጸጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠኑ ንብርብሮች ይለበጣሉ። የእያንዳንዱ ውፍረት ከተፈለገው ሞገድ ሩብ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ሲሠራ፣ በየንብርብሩ የሚንጸባረቁት ሞገዶች አንዳንዱን ቀለም ያጠፉታል፣ አንዳንዱን ያሳልፉታል። የዚህን ዘዴ መሠረት ፋብሪና ፔሮ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በትይዩ መስታወቶቻቸው አሳይተዋል። ዘዴው ላንቴን ለማየት ወደ ሰማይ የወጣው ግን ከሰባ ዓመት በኋላ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. አሜሪካ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለውን ሳተላይት አመጠቀች። ሳተላይቱ ሁለት መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። ዋናው ተብሎ የታሰበው የቴሌቪዥን ዓይነት ካሜራ ብዙም ሳይቆይ በኤሌክትሪክ ችግር ተዘጋ። ስሙን ያስጠራው ቨርጂኒያ ኖርውድ የተባለች መሐንዲስ የነደፈችው ሁለተኛው ነበር፤ ብዙዎች ብዙ እምነት ያልጣሉበት። በውስጡ አንድ መስታወት በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ እየተወዛወዘ የምድርን ብርሃን ወደ 24 ዲቴክተሮች ይጥላል። አረንጓዴ፣ ቀይና ሁለት ኢንፍራሬድ፣ በጠቅላላው አራት ማጣሪያዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱም ስድስት ዲቴክተሮች ተመድበዋል። ስድስቱ ብርሃኑን እኩል የማይለኩ ሲሆኑ በምስሉ ላይ በየስድስት መስመሩ ቀጭን ሰረዝ ይወጣል። የአባያን የዚያን ዘመን ምስል ኮምፒውተር ላይ የከፈተ ተማሪ ለስለስ ባለው የሐይቁ ገጽ ላይ ያንን ሰረዝ ሊያገኘው ይችላል።

ሳተላይቱ የሚያልፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። አንዱ ነጥብ፣ ፒክስል የሚባለው፣ በምድር ላይ ወደ 80 ሜትር በ80 ሜትር ይሸፍናል፤ በእኛ ልክ ከሁለት ጥማድ ይበልጣል። የላንቴ ገበሬ በአንድ ጥማድ ሙዝም ማንጎም በቆሎም ስለሚያበቅል፣ ያ ሁሉ ተቀላቅሎ አንድ ቁጥር ሆኖ ይመዘገብ ነበር።

ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። በዚያን ጊዜ በሰማይ ላይ ለአየር ትንበያ የተሰማሩ የአሜሪካ ሳተላይቶች ነበሩ፤ መሣሪያቸው የተሠራው ደመናንና የባሕርን ሙቀት ለማየት ነው። ነገር ግን አንዱ ማጣሪያቸው ቀዩን፣ ሌላው የቅርብ ኢንፍራሬዱን ያሳልፍ ነበር። በናሳ የሚሠራው ኮምፕተን ታከርና ባልደረቦቹ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የአፍሪካን ልምላሜ ከወቅት ወቅት መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ይቀንሱና ለሁለቱ ድምር ያካፍሉት፤ ውጤቱ ወደ አንድ ሲጠጋ ልምላሜ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲወርድ መሬቱ ተራቁቷል። የአሜሪካ መንግሥት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲቋቋም ከዋና መረጃዎቹ አንዱ ይህ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህ ሥርዓት ቀደም ብሎ ቢኖር ኖሮ ሕዝቡ በዳነ እንደማለት ይቃጣቸዋል። አልስማማም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ለዓለም አስታውቆ ነበር። የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ ሰሚ ነበር። ማጣሪያው የጨመረው ነገር ሌላ ነው፤ ማንም ባለሥልጣን አልሰማሁም፣ ተጋኗል ብሎ ሊክደው የማይችል መለኪያ ሰጠ። በዚሁ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና ለአርብቶ አደሩ የከብት መድን ተዘርግቷል፤ የግጦሹ ልምላሜ ከተወሰነው ልክ በታች ሲወርድ ካሳ ይከፈላል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ዝቅ ስንል ሌላ ታሪክ እናገኛለን፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ የምኮራበት። እ.ኤ.አ. በ1988 እነ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው የኢትዮጵያን ቅድመ ታሪክ ቅሪት ያለባቸውን ቦታዎች የሚቆጥር ፕሮጀክት ጀመሩ። ስምጥ ሸለቆን በሙሉ በእግር ማሰስ የማይታሰብ ስለነበር የላንድሳትን ምስልና ከጠፈር መንኮራኩር የተነሡ ፎቶዎችን ዘርግተው ጥንታዊ ደለል የተጋለጠባቸውን ቦታዎች በቀለማቸው እየለዩ መረጡ፤ ከዚያም ወርደው በእግራቸው አሰሱ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮንሶ ደረሰ። በዚያ የተገኙት ባለ ሁለት ገጽ የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ በኋላ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተለካ፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ናቸው። ሳተላይቱ የሌላ አገር ነበር፤ ምስሉን አንብቦ የት መሄድ እንዳለበት የወሰነው ቡድን ግን በኢትዮጵያውያን ይመራ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ምስሉ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ላንድሳት ለንግድ ድርጅት ሲሰጥ የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀው ላንድሳት 7 ዋጋው ወደ 600 ቢወርድም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 የመስመር ማስተካከያ ክፍሉ ተበላሽቶ ከየምስሉ 22 በመቶ ያህል ባዶ መቅረት ጀመረ። ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የላንድሳት ማኅደር በሙሉ በነጻ ተከፈተ።

መሣሪያውም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀው ላንድሳት 8 የሚወዛወዝ መስታወት የለውም። ለእያንዳንዱ ቀለም ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጉ ዲቴክተሮች በረድፍ ተደርድረው፣ ጠባብ የማጣሪያ ሰቆች ከላያቸው ተገጥመው፣ መላውን ስፋት ባንድ ጊዜ ያነባሉ። እያንዳንዱ ዲቴክተር መሬቱን ለማየት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚያገኝ ደካማ ብርሃን ሳይቀር ይለካል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመጣ 13 ማጣሪያዎችን ይዞ ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ባለችው ጠባብ ድንበር ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ ድንበር ላይ ቅጠል አረንጓዴነቱን መቀነስ ሲጀምር ዓይን ሳያየው ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱ ቀለም በ10 ሜትር ይነበባል፤ ያ በአንድ ጥማድ ውስጥ 25 ነጥብ ነው። በ1964 ዓ.ም. በአንድ ቁጥር ተጨፍልቆ የነበረው የላንቴ ማሳ አሁን ማንጎው ለብቻ፣ ሙዙ ለብቻ ሊታይ ይችላል።

ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን አመጠቀች። ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በተለያዩ ቀለማት የሚያነሣ ካሜራ የያዘ፣ ከእንጦጦ የሚታዘዝ ነበር። የወጪው አብዛኛው በቻይና ተሸፍኗል። አንዳንዶች ቅንጦት ነው ብለው ተችተዋል፤ እኔ ግን ወጣት መሐንዲሶቻችን በእንጦጦ ተቀምጠው ሳተላይት ማዘዝን መልመዳቸው ከምስሉም በላይ ዋጋ አለው እላለሁ።

ሁሉም ከሆነ በኋላ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ሴንቲኔል ላንቴን በየአምስት ቀኑ ያያታል፤ ምስሉም በነጻ ይገኛል። ሳተላይቱ ግን ቁጥር እንጂ ስም አያውቅም። የሙዝ ቅጠል ውኃ ሲያጥረው በቀትር ሁለቱ ክንፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ገበሬው ይህን አይቶ ቦዩን ይከፍታል። ከላይ ለሚያይ ዲቴክተር ግን የታጠፈ ቅጠል፣ የተቆረጠ ቅጠልና ገና ያልጎለመሰ ተክል የሚሰጡት ቁጥር ሊቀራረብ ይችላል። ልዩነቱን የሚያስተምረው መሬት ላይ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው፦ ይህ ማሳ ሙዝ ነው፣ በዚህ ወር ተተከለ፣ በዚህ ቀን ጠጣ፣ በዚህ ሳምንት ተቆረጠ። የሐይቁም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከሐሬ መግቢያ ውኃ ቀድቶ አፈሩን የመዘነ ሰው ከሌለ የአባያ ቅላት በቶን ሊቆጠር አይችልም።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ሥራ የጀመረ ነው፤ ላንቴም ቅርቡ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የወረዳው የግብርና ባለሙያዎች፣ ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ አለ። ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ወደ ላንቴ ውረዱ፣ ከገበሬው ጋር ማሳውን ዙሩ፣ የነገራችሁን ጻፉ፣ ከዓመት ዓመትም አታቋርጡት።