ከአላስካ በረዶ እስከ ኢትዮጵያ ደጋ

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1899 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1891 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ። ኤድዋርድ ሃሪማን የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ሥራ በዝቶበት ቢደክም ሐኪሙ ረዘም ያለ ዕረፍት አዘዘለት። ሃሪማን ቤተሰቡን ይዞ አላስካ ሊሄድና ድብ ሊያድን አሰበ። ለጉዞው ያዘጋጃት ጆርጅ ደብልዩ ኤልደር የተባለች የእንፋሎት መርከብ ግን ለአንድ ቤተሰብ በጣም ትልቅ ነበረች። ሰውየው ዋሽንግተን ሄዶ ሃርት ሜሪያም የተባለውን የእንስሳት ተመራማሪ ቢሮው ውስጥ አገኘውና፣ አሉ የተባሉትን የተፈጥሮ ሊቃውንት ምረጥልኝ፣ ወጪያቸው በሙሉ በእኔ ነው አለው። ሜሪያም የሃሪማንን ስም ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ማንነቱን ካጣራ በኋላ ነው እሺ ያለው።

በግንቦት ወር መርከቧ 126 ሰዎች አሳፍራ ከሲያትል ወደብ ተነሳች። በውስጧ ቤተ መጻሕፍትና ፒያኖ፣ ለእርድ የሚሆኑ ከብቶች፣ ወተት የምትታለብ ላምም ነበሩባት። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የመርከቧ ትልቁ ጭነት ሊቃውንቱ ነበሩ። የበረዶ ግግርን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት ጆን ሙየርና ግሮቭ ካርል ጊልበርት፣ አላስካን ከ1860ዎቹ ጀምሮ የሚያውቃት ዊሊያም ዶል፣ የነባር ሕዝቦችን ኑሮ ያጠናው ጆርጅ በርድ ግሪኔል፣ የጉዞው ታሪክ ጸሐፊ ጆን በሮውስ፣ ገና ስሙ ያልወጣው ፎቶግራፍ አንሺ ኤድዋርድ ከርቲስ። የወፍ ሥዕል እንዲሠሩ ከተጠሩት አንዱ ደግሞ የ25 ዓመቱ ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ ነበር። ይህን ወጣት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ ወደ አገራችን ይመጣል።

ቀን ቀን ሊቃውንቱ በትንንሽ ጀልባ ወደ የብስ ይወርዳሉ። አንዱ አበባ ይለቅማል፣ ሌላው ድንጋይ ይሰብራል፣ ሦስተኛው ወፍ ያሳድዳል። ማታ ከራት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ይነሳና ስለሚያውቀው ነገር ያወራል። ያ አዳራሽ ከየትኛውም የዘመኑ ዩኒቨርሲቲ አይተናነስም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። አድማጮቹም ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም። የሃሪማን ልጆች ከአዋቂዎቹ ጋር ተሳፍረዋል፤ ያኔ ሰባት ዓመቱ የነበረው አቬሬል ከብዙ ዓመታት በኋላ በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ።

መርከቧ ግላሲየር ቤይ ወደተባለው የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ስትገባ ለሙየር የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። በ1879 የትሊንጊት ተወላጆች በታንኳ እየቀዘፉ ነበር ወደዚያ የወሰዱት። ስለ ባሕረ ሰላጤው የሚያወራው ከመጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን በእግሩ ረግጦት ነበርና ሰዎች ሲሰሙት አይጠግቡም ነበር። ይሁንና የሚወዱት ሊቅም ይሳሳታል። ከበረዶው ማዶ አራዊት የበዛበት ሸለቆ አለ ብሎ ስላወጋ ሃሪማንና አዳኞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው በበረዶው ላይ ረጅም መንገድ ኳተኑ፤ ሆኖም አንድ ድብ እንኳ ሳያዩ ድካም ጥሏቸው ተመለሱ።

ሙየር በዚያው ጉዞ ላይ፣ እኔ ከሃሪማን ይልቅ ሀብታም ነኝ፣ የምፈልገው ሁሉ አለኝ፣ እሱ ግን ገና ይፈልጋል ማለቱ ይነገራል። ከበርቴው በዚህ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሙየር የዮሰሚቲ ሸለቆ ከካሊፎርኒያ እጅ ወጥቶ በዙሪያው ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ እንዲቀላቀል ሲታገል፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ውስጥ የባቡር ኩባንያውን ጉልበት ይዞ ከጎኑ የቆመው ሃሪማን ነበር። መርከብ ላይ የተጀመረ ጨዋታ አንድ ሸለቆ አተረፈ ማለት ነው።

ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ ሲደርሱ ደግሞ ካርታው የባሕሩን መጨረሻ የሚያሳይበት ቦታ ላይ፣ በአንድ ግዙፍ የበረዶ ግግርና በየብሱ መካከል ጠባብ ክፍተት ታየ። መሪው ከውኃው በታች ያለውን ዓለት ፈርቶ አመነታ፤ ሃሪማን ግን ወደፊት ብሎ አዘዘ። ከክፍተቱ ባሻገር በካርታ ያልሰፈረ፣ ዙሪያውን በበረዶ ግግር የታጠረ ረጅም የባሕር ሸለቆ ተዘረጋ። ዛሬ የሃሪማን ፊዮርድ ይባላል።

የዚህ ጉዞ ነውርም መነገር አለበት። መርከቧ ልትመለስ ስትል ኬፕ ፎክስ በተባለው ቦታ ሰው ያልነበረበትን የትሊንጊት መንደር አገኙ። ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር እንጂ አልጠፉም። ተሳፋሪዎቹ ግን በደጃፉ የቆሙትን የተቀረጹ የዘር ምሰሶዎች እየነቀሉ ጫኑ፤ ምሰሶዎቹም በየሙዚየሙ ተበተኑ። የበረዶን ዕድሜ የሚቆጥሩ ሰዎች የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ባለቤቱን አለመጠየቃቸው እስከ ዛሬ ያሳፍራል። ተወላጆቹ ንብረታቸውን የተረከቡት በ2001፣ የዚያን ጉዞ መንገድ ተከትሎ የሄደ ሌላ መርከብ ከየሙዚየሙ የተሰበሰበውን ይዞላቸው ሲመጣ ነው። አንድ መቶ ሁለት ዓመት ማለት ነው።

ሊቃውንቱ በተመለሱ በሁለተኛው ወር፣ መስከረም 1899 ላይ፣ ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ አላስካን መታት። በግላሲየር ቤይ በሙየር ስም የሚጠራው የበረዶ ግግር ፊቱ ተሰባብሮ ባሕሩን ሞላው፤ የጎብኚ መርከቦች ለዓመታት አጠገቡ መድረስ ተሳናቸው። የጊልበርት ልኬቶችና የዚያ ክረምት ፎቶግራፎች እንግዲህ ከአደጋው በፊት የነበረውን መልክ ለትውልድ ያስቀሩ ምስክሮች ሆኑ።

ዛሬ ግላሲየር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በቀን እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ከሁለት አይበልጡም። መርከቡ ጠዋት ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገባ የፓርኩ ባለሙያዎች በትንሽ ጀልባ ይጠጉትና፣ በጎኑ በተንጠለጠለው የገመድ መሰላል እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲያስረዱ ይውሉና ማታ በዚያው መሰላል ይወርዳሉ። በረዶው ለምን ሰማያዊ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የታመቀ በረዶ ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ስለሚያሳልፍ ነው ይሉታል። ውኃው ለምን ወተት መሰለ ለሚል ደግሞ ግግሩ ዓለት እንደ ወፍጮ እየፈጨ የሚለቀውን ዱቄት ያሳዩታል። ሞተሩ ጸጥ ሲል ከተንሳፋፊው በረዶ ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ቺስስታ ይሰማል፤ በረዶው ሲቀልጥ ከብዙ ዘመን በፊት በውስጡ የታሰረው አየር የሚወጣበት ድምፅ ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ባይኖር ተሳፋሪው ድምፁን ሰምቶ ዝም ብሎ ያልፋል።

አሁን ከተናጋሪዎቹ መካከል የሁና ትሊንጊት ተወላጆችም አሉ። አያቶቻቸው ዛሬ ባሕር በሆነው ሸለቆ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ በረዶው እየገፋ መጥቶ አባረራቸው። ተሳፋሪው ይህን ታሪክ ከሌላ ሊቅ ሳይሆን ከባለቤቶቹ አንደበት ይሰማል። በእኔ አስተያየት ከሃሪማን ዘመን ወዲህ የመጣው ትልቁ ለውጥ ይኸው ነው።

ወደ ወጣቱ ሠዓሊ ልመለስ። ፉየርቴስ አንድ ነገር አጥብቆ ይይዝ ነበር፦ ወፍ ከሞተች የዓይኗና የእግሯ ቀለም ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር መቀለም አለበት። በኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፎች ሲያስተምር ድምፃቸውን በአፉ እያስመሰለ ያሰማ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን፣ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ በላከው ቡድን ውስጥ ከዊልፍሬድ ኦስጉድ ጋር መጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ቡድኑን ተቀበሉት። ፉየርቴስ በደጋው ወራትን ኖሮ፣ እንደ ልማዱ፣ የአገራችንን ወፎችና የዱር እንስሳት ቀለማቸው ሳይጠፋ በውኃ ቀለም ሣላቸው፤ ሥዕሎቹ ከመቶ በላይ ነበሩ። ከሥራዎቹ የላቁት እነዚህ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው።

አሜሪካ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ነሐሴ እ.ኤ.አ. 1927፣ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለወፍ አጥኚው ፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ኡናዲላ በተባለች የኒውዮርክ ከተማ አጠገብ መኪናው የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። ፉየርቴስ እዚያው ሞተ፤ ባለቤቱ ክፉኛ ቆሰለች። የኢትዮጵያ ሥዕሎች ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ነበር፤ አንዳቸውም ሳይበላሹ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1930 ሙዚየሙ 32ቱን መርጦ በአንድ አልበም አሳተመ። ቺካጎ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፊልድ ሙዚየም ስትሄዱ የፉየርቴስን ሥዕሎች ጠይቁላቸው።